እየበራ የሚጠፋ ቼክ ኢንጅን፤ ያለ ግምት እንዴት ይገኛል?

ቼክ ኢንጅን፣ ማለትም ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት፣ አንዴ በርቶ ካልጠፋ ብዙ አያስቸግርም። ጋራዥ ትወስዱታላችሁ፣ መካኒኩ ያየዋል፣ ይፈልገዋል። ራስ የሚያዞረው ሰኞ በርቶ ረቡዕ የሚጠፋው ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው ጥርስ፣ ጋራዥ ስትደርሱ ድራሹ ይጠፋል። መካኒኩም "እህቴ፣ አሁን እኮ ምንም የለም፤ ሲበራ ነይ" ይላል። ይሄኛው እንኳን ደግ ነው። የባሰው በግምት ዕቃ ያስገዛችኋል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። የምነዳው ባለ 1.3 ሞተር የ2007 ያሪስ ነው፤ ከዱባይ የመጣ። የምኖረው ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው። ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች የጻፍኩት እንዲህ ዓይነቱን መብራት ራሴ የምከታተልበት መንገድ ነው። ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

መጀመሪያ መብራቱን በደንብ እዩት

ቼክ ኢንጅን ቢጫ ነው፤ የሞተር ቅርጽ አለው። ቀይ የዘይት ጣሳ ወይም ቀይ ቴርሞሜትር ካያችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉ፤ ይሄን ጽሑፍ በኋላ ታነቡታላችሁ።

ቢጫው ዝም ብሎ በርቶ መኪናው እንደወትሮው የሚሄድ ከሆነ ተረጋጉ። ቤታችሁ ትደርሳላችሁ። እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ከነዳጅ ላይ እግራችሁን አንሱ። ብልጭታው ማለት አንዱ ሲሊንደር እየተኮሰ አይደለም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። ያ ቤንዚን እዚያ ሄዶ ይቃጠላል፤ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም ያቀልጠዋል። በዝግታ፣ ዳገት ሳትሞክሩ፣ በቅርብ ወዳለ ቦታ አድርሱት። ሞተሩ በጣም ከተንገጫገጨ እዚያው አቁሙት።

አንድ ሌላ ነገር። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ይህ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሆን ብሎ የነቀለው ሰው አለ።

መብራቱ ስለጠፋ ችግሩ ጠፋ ማለት አይደለም

ይሄን የማያውቅ ሰው ነው በከንቱ የሚጨነቀው፤ ወይም በከንቱ የሚደሰተው። የመኪናው ኮምፒውተር አብዛኛውን ብልሽት አንዴ አይቶ መብራት አያበራም። መጀመሪያ ሲያይ ለራሱ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጉዞ ያንኑ ደግሞ ካየ ያኔ ያበራል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ፈትሾ ምንም ካላገኘ መብራቱን ያጠፋል። ኮዱ፣ ማለትም የብልሽቱ መለያ ቁጥር፣ ግን ማኅደሩ ውስጥ ይቆያል። የሚሰርዘው ሞተሩ ቀዝቅዞ 40 ጊዜ ያህል በደንብ ሞቆ ችግሩ ካልተመለሰ ነው። አንዳንድ የሴንሰርና የሽቦ ብልሽት ግን በመጀመሪያው ጉዞ ያበራል።

ስለዚህ ረቡዕ የጠፋው መብራት ማስረጃውን ይዞ አልሄደም። ማስረጃውን የሚያጠፋው ሰው ነው። "ባትሪውን ፍታና ትንሽ ቆይተህ እሰር፤ ይጠፋል" የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። አዎ፣ መብራቱ ይጠፋል። ኮዱም ይጠፋል፤ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ምን ላይ እንደነበር የሚናገረው መረጃም አብሮ ይጠፋል። ለሚመጣና ለሚሄድ ችግር ያ መረጃ ወርቅ ነው። ኮዱን ሳታነቡ ባትሪ አታስነኩ፤ መካኒኩ ቢቆጣም።

ከመፈለግ በፊት መያዝ ያለባችሁ

የሚያስፈልገው ኮዱን ከመኪናው የምታነብ አንዲት ትንሽ ስካነር ናት። ኢ-ኤል-ኤም 327 የሚባለው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራው ርካሽ ዕቃ ይበቃል። በመሪው ስር፣ ከሾፌሩ ጉልበት በላይ፣ 16 ጥርስ ያለው ሶኬት አለ፤ እዚያ ይሰካል። ስልኩ ላይ ቶርክ ወይም ካር ስካነር የሚባለውን መተግበሪያ ትጭናላችሁ። አይፎን የያዛችሁ ስትገዙ ጠይቁ፤ ተራው ብሉቱዝ ለአይፎን አይሠራም፣ በዋይፋይ የሚገናኘው ይሻላችኋል።

ይህ ሶኬት በአሜሪካ መኪኖች ላይ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ሶኬቱ ቢኖራቸውም ከርካሿ ስካነር ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ በሌላ መኪና ሞክሩት። ለእናንተ መኪና የተሻለ ስካነር ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልጉ።

ከዚህ ሌላ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ 16 ቁጥር የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ቁልፍ፣ ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተርና ጥሩ ባትሪ መብራት ካላችሁ በቂ ነው።

ማስታወሻ ያዙ፤ የምሬን ነው

ሥራዬ ሆኖ መመዝገብ እወዳለሁ፣ ግን እዚህ ላይ የማትወዱም ብትሆኑ መመዝገብ አለባችሁ። መብራቱ ሲበራ ቆም ብዬ ቴሌግራም ላይ ለራሴ በድምፅ እልካለሁ። ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ሞተሩ ሞቋል ወይስ ገና ተነስቷል? ዳገት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ቆሜ ነው? ዝናብ አለ? ኤሲ ተከፍቷል? ነዳጅ መቼና የት ሞላሁ? መኪናውን ማን ነካው፣ መቼ ታጠበ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ይንቃታል። ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እሷ ጋ ነው።

የእኔን መልእክቶች መልሼ ስሰማ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድም ቀን አልበራም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። የሚበራው ማታ ስመለስ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ነው። ሙቀትና መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ሲመጡ። ይሄ ካንዴላ የማርጀት ባሕርይ አይደለም። ያረጀ ካንዴላ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ስትጫኑ ነው የሚያስቸግረው። ሙቀትና መንቀጥቀጥ የሚወደው የላላ ግንኙነት ነው።

እናንተም እንዲህ ማሰብ ትችላላችሁ። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ካንዴላ፣ ለካንዴላው ኃይል ወደሚሰጠው ኮይልና ወደ ነዳጅ ፓምፕ ሂዱ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትጫኑ ሞተሩ ሲዞር ብቻ ከሆነ ያለቦታው አየር የሚያስገባ ቱቦ ወይም የቆሸሸ ትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ጠርጥሩ። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ከላቫጆ በኋላ ከሆነ ውኃ ነው። አውራ ጎዳና ላይ እኩል ፍጥነት ይዛችሁ ስትሄዱ ብቻ ከሆነ የጭስ ማውጫው በኩል ተመልከቱ።

ኮዱን ማንበብ

ስካነሯን ስትከፍቱ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የጸናውን ኮድ፣ ገና መብራት ያላበራውን በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ፣ እና ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የተያዘውን መረጃ፤ መተግበሪያው ላይ ፍሪዝ ፍሬም ይለዋል። ሦስቱንም ፎቶ አንሱ። ከዚያ በፊት "ደምስስ" የሚለውን እንዳትነኩ።

የእኔ ኮድ ፒ0353 ነበር፤ አልፎ አልፎ ፒ0303 ይከተለዋል። ፍሪዝ ፍሬሙ የውኃው ሙቀት 92 ዲግሪ፣ ፍጥነት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,350 ዙር ይላል። ሰዓት ባይጽፍም ይሄ የእኛው ኮብልስቶን ነው። ሌላ የትም በ16 አልነዳም።

ፒ0303 ማለት ሦስተኛው ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው። ምክንያቱን አይናገርም፤ ካንዴላም፣ ኮይልም፣ ነዳጅ መርጫም፣ ኮምፕሬሽንም ሊሆን ይችላል። ፒ0353 ግን ጠበብ ያለ ነው። ያሪስ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፤ እያንዳንዱ ኮይል ላይ አራት ሽቦ ይገባል። አንዱ 12 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ማሳ (ኔጌቲቭ) ነው። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ "ተኩስ" የሚልበት ነው። አራተኛው ኮይሉ "ተኩሻለሁ" ብሎ የሚመልስበት ነው። መልሱ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ፒ0353 ብሎ ይጽፋል። ኮይሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ኮይሉ ደህና ሆኖ ከአራቱ ሽቦ አንዱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጋራዥ ይሄንኑ ኮድ አይተው አራቱንም ኮይል እንድቀይር ነገሩኝ። "አንዱ ከሄደ ሌሎቹም ይከተላሉ" የሚል ነገር አለ። እኔ አልወደውም። ኮይል ውድ ነው፤ ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጠውም ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። አምስት ሳንቲም የማያስወጣ መፈተኛ እያለ ምን አስቸኮለን?

ኮይል ማቀያየር

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይውጣ። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሞተሩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ካለ አንሱት። አራት ኮይል በመስመር ተደርድረው ታያላችሁ። ቁጥራቸው የሚጀምረው ከችንጋው (ሞተሩ ጎን ከሚዞረው ቀበቶ) በኩል ነው፤ ለችንጋው የሚቀርበው አንድ ቁጥር ነው። በማርከር ላያቸው ላይ ቁጥር ጻፉ። አሁን አልረሳም ትላላችሁ፤ ትረሳላችሁ።

የሶኬቱን መቆለፊያ በጣት ተጭናችሁ ሳቡ። በጠመንጃ መፍቻ አትፈልቅቁት። በሙቀት የቆየ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ዋናው ጣጣ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከዚያ ባለ 10 ቁጥሩን ቡሎን ፍቱና ኮይሉን ትንሽ ግራ ቀኝ እያላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አውጡ። ሦስተኛውን ወደ አንደኛው፣ አንደኛውን ወደ ሦስተኛው አድርጉ። ቡሎኑን ስታስሩ አትታገሉት፤ የሚገባው አሉሚኒየም ውስጥ ነው፣ ጥርሱ ይበላል።

ኮዱን ፎቶ አንስታችኋል፤ አሁን ደምስሱት። ከዚያ እንደወትሮው ንዱ። መብራቱ ሲመለስ ኮዱ ወደ ፒ0351 ወይም ፒ0301 ከተዛወረ ችግሩ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ ያንን አንድ ኮይል ቀይሩ፣ አለቀ። ኮዱ እዚያው ሦስት ላይ ከቆየ ኮይሉ ነጻ ነው። ኮዱ 0303 ብቻ ከሆነ በዚሁ ዘዴ ካንዴላውንም አቀያይሩ። ካንዴላውን ስታወጡ ጫፉን እዩት፤ ለዚህ ሞተር በሚገባው ካንዴላ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ነጩ ሸክላ ላይ ጥቁር ስንጥቅ ካለ ጣሉት።

የእኔ ሦስት ላይ ቆየ፤ ፒ0353 ስለሆነ የቀረው ሽቦውና ሶኬቱ ነው።

እጅ ከፍንጅ መያዝ

ሽቦ ወይም ሶኬት መሆኑን ካወቃችሁ የሚቀረው መነቅነቅ ነው። ሻርፕ ወይም ነጠላ የለበሳችሁ አውልቁት፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር። ማራገቢያው ሳይታሰብ ይነሳል፣ ችንጋውም ምሕረት የለውም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቁና ሚኒሞ ላይ ተዉት። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ የስካነሩን ዙር ይመልከት። እናንተ የሽቦውን ጥቅል ከሩቅ ጀምራችሁ ወደ ኮይሉ እየቀረባችሁ በቀስታ ነቅንቁ። ሶኬቱን መንቀል የለም፤ መነካካት ብቻ። የተቀደደ ወይም የተላጠ ሽቦ ካያችሁ በእጅ አትንኩት፤ ኮይል የሚያመነጨው ኃይል ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ኮይል ሶኬት ላይ ጣቴን አሳርፌ ወደ ጎን ትንሽ ገፋ ሳደርገው ሞተሩ ተንገጫገጨ። ስለቀው ተስተካከለ። እንደገና ገፋሁት፣ እንደገና ተንገጫገጨ። ይሄን ጊዜ ነው ፍለጋ የሚያበቃው።

ሞተር አጥፍቼ በባትሪ መብራት ሳየው ሶኬቱ ሲታይ የገባ ይመስላል። ወደ ውስጥ ስጫነው ግን "ቀጭ" የሚለው ድምፅ የለም፤ ጣቴን ሳነሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። የመቆለፊያዋ ምላስ ተሰብራለች። የተሰበረው ቦታ በአቧራ ጠቁሯል፤ የቆየ ስብራት ነው። ነቅዬ ውስጡን ሳይ ከአራቱ የመዳብ ቀዳዳዎች አንዱ ከሌሎቹ ሰፋ ብሏል፣ ዳር ዳሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይነካል። ማታ ሲሞቅና ኮብልስቶኑ ሲያርገፈግፈው ይለቃል። በቃ፣ ይሄው ነበር።

ዓይናችሁ ያላመነውን ቴስተሩ ይነግራችኋል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁልፉን ክፈቱ። በ12 ቮልቱ ቀዳዳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል የባትሪውን ያህል ቮልቴጅ ማግኘት አለባችሁ። ሽቦውን እየነቀነቃችሁ ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩ ከሶኬቱ ወደ ኋላ ነው። የቴስተሩን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አትቀርቅሩ፤ ደህናውን ታሰፉታላችሁ። ዳሩን ብቻ ንኩ።

ጥገናው

ለጊዜው ሶኬቱን በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ አጽድቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከኮይሉ ጋር ጠፍሮ ማሰር ይቻላል። ይሠራል። እንደማያዛልቅ ግን እያወቃችሁ አድርጉት።

ለዘለቄታው ሶኬቱን መቀየር ነው። አዲስ ካልተገኘ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ ሞተር ላይ የተቆረጠ ሶኬት ይገኛል። ስትገዙ ሽቦው ቢያንስ ጣት ያህል ርዝመት ይኑረው፣ ምላሷ ጤነኛ ትሁን፤ እዚያው ኮይል ላይ ሰክተው "ቀጭ" እንዲያሰሙዋችሁ ጠይቁ። የእናንተን አሮጌ ኮይል ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ክርክር የለም።

መግጠሙን እኔ ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ቆማችሁ የምታዩት ይሄን ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። አራቱ ሽቦ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ አንድ ቆርጦ አንድ መቀጠል ነው። የሚመሳከረው ሽቦው ሶኬቱ ላይ ባለው ቦታ ነው፣ በቀለሙ አይደለም፤ ከሌላ መኪና የመጣ ሶኬት ቀለሙ ሊለይ ይችላል። መቀጠያዎቹ አንድ ቦታ ላይ እንዳይገጥሙ አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ይበል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም፤ ሞተር ላይ ናስትሮ በሙቀት ይቀልጥና ይላቀቃል። በሶልደር ይያያዝ፣ ላዩ ላይ ሲሞቅ የሚኮማተረው ቱቦ ይልበስ። ሶልደር የነካው ቦታ ደረቅ ስለሚሆን ዳሩ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ አዲሱ ሽቦ ከዋናው ጥቅል ጋር ታስሮ እንዳይወዛወዝ ይደረግ።

ከዚያ ሞክሩት፤ መሞከሪያው ደግሞ ችግሩ የሚነሳበት ቦታ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ተመላልሶ "ዳነ" ማለት ዋጋ የለውም። እኔ ሞተሩን አሙቄ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣሁ ወረድኩ፤ ጎረቤት "ምን ጠፍቶሽ ነው?" እስኪል ድረስ። ከዚያ በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ መኖር አለመኖሩን አየሁ። ችግሩ ገና መብራቱ ሳይበራ የሚታየው እዚያ ነው።

ከላቫጆ በኋላ

እዚህ አዲስ አበባ አልፎ አልፎ ለሚበራ ቼክ ኢንጅን አንዱ ትልቅ ምክንያት ላቫጆ ነው። "ሞተሩም ይታጠብ?" ይሏችኋል፤ እናንተም እሺ ትላላችሁ። ኃይለኛው ውኃ በኮይሉ ጎን ገብቶ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የኮይሉ ላስቲክ አዲስ ሲሆን ይከላከላል፤ ሲያረጅ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በማግስቱ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ኮዱ ፒ0300 ወይም ከ0301 እስከ 0304 አንዱ ይሆናል። ሙቀቱ ውኃውን ሲያደርቀው ችግሩ ይጠፋል፤ መብራቱም በሦስተኛው አራተኛው ቀን ይከተላል። ባለመኪናው ነዳጁ ነው ብሎ ማደያ ይቀይራል።

ኮይሎቹን አውጥታችሁ ጉድጓዱን በባትሪ መብራት እዩ። ውኃ ካለ በኮምፕሬሰር አየር ንፉት፤ ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ይሁን፣ ያለዚያ ውኃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውኃ ሳይሆን ዘይት ካገኛችሁ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው) አርጅቷል። ዘይቱ የኮይሉን ላስቲክ ያበሰብሰዋል፤ ጓርኒሲዮኑን ሳትቀይሩ ኮይል ብትቀይሩ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ሞተር በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይጸዳል፤ የውኃ ጠመንጃ አያስፈልገውም።

ሌሎቹን ባጭሩ

ፒ0171 የአየሩ መጠን በዝቷል ወይም ነዳጁ አንሷል ይላል። የአየር ፊልትሮ ካስጸዳችሁ በኋላ ከመጣ፣ ከፊልትሮው ሳጥን ወደ ትሮትሉ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ እዩ፤ ማሰሪያው ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሆናል። ስካነሩ ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከቱ። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር ከወረደ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲጫኑ ከወጣ ፓምፑን፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ጠርጥሩ። ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ ውስጡ ያለችው ሽቦ ፀጉር ናት፣ በጣት አትነካም።

ቤንዚን የጠፋ ሰሞን በሃይላንድና በጀሪካን ከተሸጠ ነዳጅ በኋላ የሚበራ ቼክ ኢንጅን አይገርመኝም። ውኃም ቆሻሻም ይኖረዋል። አንድ ታንክ ንጹሕ ነዳጅ ጨርሳችሁ እዩት።

ፒ0420 ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ደክሟል ይላል። ከመቀየራችሁ በፊት ከሥር አንድ ሰው ያንኳኳው። እዚህ አገር ውስጡ ተፈልፍሎ ባዶ የቀረ ብዙ ነው፤ ባዶ ከሆነ ሴንሰር ብትቀይሩ ለውጥ የለውም።

የማይዛመዱ ብዙ ኮዶች በአንድ ጊዜ ከመጡ ሴንሰር አትግዙ። የባትሪውን ተርሚናል በእጅ አዙሩት፤ ከዞረ አግኝታችሁታል። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካላገኛችሁ ባትሪውን ወደሚሞላው ዲናሞ ሂዱ።

"ቼክ ኢንጅን ከበራ መጀመሪያ የነዳጅ ታንኩን ክዳን አጥብቁ" የሚባለው ምክር ከአሜሪካ ቪዲዮ የመጣ ነው። ለዚያ ገበያ የተሠሩ መኪኖች የታንኩን ትነት ፍሳሽ ራሳቸው ይፈትሻሉ፤ ፒ0455 እና ፒ0442 የዚያ ናቸው። ከባሕረ ሰላጤው በመጡት ብዙዎቹ ላይ ይህ ፍተሻ የለም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ግን ክዳኑን መጀመሪያ እዩት፤ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

ሌላም ከእነዚያ ቪዲዮዎች የማይሠራልን አለ። እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ባሉ መኪኖች ላይ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር 100 ኪሎፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት ይላሉ። ያ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ 76 ወይም 77 ብታዩ ሴንሰሩ ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ሴንሰር የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ

ይህቺ ስካነር ለገዢም ትጠቅማለች። ሻጩ ጠዋት ኮዱን ደምስሶ መኪናውን ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ዳሽቦርዱ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኮድ የለም ብላችሁ አትመለሱ። መተግበሪያው ላይ ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተሸባቸው ዝርዝር አለ። በየቀኑ የሚነዳ መኪና አብዛኞቹን ጨርሶ ይገኛል። ብዙዎቹ "አልተጠናቀቀም" ካሉ ማኅደሩ በቅርቡ ተደምስሷል፣ ወይም ባትሪው ተፈቷል። አሜሪካ ውስጥ የጭስ ምርመራ የሚያደርጉትም ይሄንኑ ያያሉ፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ከ2001 ሞዴል ወዲህ ላለ የቤንዚን መኪና ከአንድ በላይ ያልተጠናቀቀ ካለ ይመልሱታል። እዚህ እኛን የሚመልሰን የለም። ስለዚህ ሻጩን ባትሪውን መቼ እንደፈታ ጠይቁት፤ ከዚያ መኪናውን ለጥቂት ቀን ነድቶ እንዲያመጣው ንገሩት። እምቢ ካለ ሌላ መኪና እዩ።